ገመዱ ያልደረሰበት ማዶ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። እዚያ በሩ ላይ የቆማችሁትም ግቡ፤ ብርዱን ይዛችሁብኝ አትቁሙ። መደቡ ላይ ቦታ አለ። ያቺ ቀጭኗ ልጅ ደግሞ እኔ አጠገብ ትምጣ። ጆሮዬ ደክሟል፣ ዓይኔም እንደዚሁ፣ ምላሴ ግን ገና አላረጀም። ፊደል ቆጥሬ ንባብ ላይ ስደርስ የተውኩ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ያየሁትን ባየሁበት ተራ ነው የማወራችሁ። ማስጌጡን አልችልበትም።

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ስሙን ብነግራችሁ “እሱማ ሩቅ ነው” ብላችሁ በሰላም ትተኛላችሁ።

አገራችን የጉም አገር ነበር። በዓመት ውስጥ ፀሐይ የምናይባቸውን ቀናት በጣታችን እንቆጥራቸዋለን፤ አንዳንድ ዓመት ጣት ይተርፈናል። ከአያቶቻችን በፊት አንዲት ሴት እንስራዋን አዝላ ውሃ ልትቀዳ ወጣች፤ አልተመለሰችም። የአገሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሦስት ቀን መከሩ። እንፈልጋት ያለ አልነበረም። ሦስቱም ቀን ያለቀው ሁለተኛ ሴት እንዳትጠፋ ምን ይደረግ በሚለው ነው። በሦስተኛው ቀን ገመድ ይዘርጋ ተባለ፤ ተዘረጋ።

ገመዱ በእንጨት ላይ እየታሰረ፣ በሴት ወገብ ልክ፣ ከቤት ወደ ቤት፣ ከዚያ ወደ ምንጩ፣ ከምንጩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል። ሴት ከደጇ ስትወጣ በቀኝ እጇ ትይዘዋለች። ከያዘች ወዲያ አትናገርም፤ ጉም ድምፅ ሰምቶ ይመጣል ይባል ነበር። ሕጉ አጭር ነው፦ የለቀቀች ጠፋች። ወንዶች አይይዙም፤ ጉም ወንድን አይነካም ተብሎ ተወስኗል። በየክረምቱ ሁለት ሦስት ወንድ ወጥቶ ይቀራል፤ ሲቀር ግን ጠፋ አይባልም፣ መንገደኛ ሆነ ይባላል። የእኔም ባል መንገደኛ ነው። ይኸው አርባ ዓመቱ፣ አልደረሰም።

ይህን ሁሉ የሚጠብቅ ሊቀ ገመድ የሚባል ሹም ነበረን። በእኔ ዘመን ሹሙ ጓንጉል ይባላሉ፤ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሰው የማይቆጡ፣ ጢማቸውን እየዳበሱ የሚናገሩ ሰው ናቸው። በሥራቸው ቋጣሪዎች አሉ። ገመዱ አንድ ቦታ ሲሳሳ ቋጣሪዎቹ መጥተው የሳሳውን ቆርጠው ይጥሉና ሁለቱን ጫፍ ይቋጥራሉ። እያንዳንዱ ቋጠሮ አንድ ስንዝር ይበላል። በየዓመቱ በገመድ በዓል ቀን ደግሞ ጥንካሬው እንዲታይ አንድ ክንድ ለናሙና ተቆርጦ ጽሕፈት ቤት ይሰቀላል። እንግዲህ ቁጠሩት። እኔ ሕፃን ሳለሁ ገመዱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ይደርስ ነበር። ካገባሁ በኋላ ምንጩ ላይ ቀረ። በዚያ ጊዜ ሊቀ ገመድ ጓንጉል አደባባይ ወጥተው፣ “ገመዳችን እንዳለ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ነው የራቀው” አሉ። ሰዉም እውነት ነው፣ የዘንድሮ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነው፣ ተባባለ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እኛ ሴቶቹ ገመዱ ጫፍ ድረስ ሄደን፣ በጉሙ ውስጥ ወደሚሰማን ደወል ተሳልመን እንመለስ ነበር። ደወሉን የሚደውሉት መምሬ ውቤ ናቸው። ማንም ባይመጣም ይደውላሉ።

አሁን ወደ ደብሪቱ ልግባ። ስሟን ደጋግሜ የምጠራው ሆን ብዬ ነው፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ታውቁታላችሁ።

ደብሪቱ ጎረቤቴ ነበረች። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ “ይማርሽ” እላለሁ። አዋላጅ ናት። አጭር፣ መዳፈ ሰፊ፣ ሳቂታ። ፍርሃትን ግን እግዜር ከሁላችንም አብልጦ የሰጠው ለእሷ ነው። እኛ ገመዱን በአንድ እጅ ስንይዝ እሷ በሁለት እጇ ነው። አንዳንዴ የነጠላዋን ጫፍ ከገመዱ ጋር ትቋጥረዋለች። “ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል” ብዬ ስቀልድባት፣ “ይበለኝ፤ አንቺ ላቤን ጥረጊልኝ እንጂ” ትለኛለች።

አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ስንዱ። ገመዱ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በሚደርስበት ዘመን ከማዶ ሰፈር ላለ ልጅ ተድራ፣ ከቅጥሩ ተረክበው ወሰዷት። ገመዱ ሲያጥር ስንዱ ማዶ ቀረች። እናትና ልጅ በነጋዴ አፍ ብቻ ነበር የሚጠያየቁት።

የስንዱ የመጀመሪያ ምጥ መጣ። ወሬው የደረሰን በማለዳ ነው፤ ሕፃኑ ተጣሞ መጥቷል፣ ማዶ አዋላጅ የለም፣ እናቷ ትምጣ የሚል። ደብሪቱ ገመዱን ይዛ እስከ ጫፉ ሄደች። ከዚያ መጨረሻው እንጨት ላይ ቆመች። ቀኝ እጇ ገመዱ ላይ፣ ግራ እጇ ወደ ጉሙ ተዘርግቶ፣ ከጠዋት እስከ ፀሐይ ግባት ቆመች። አለቀቀችም። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ መሞቱን ሰማን። ስንዱ ተርፋለች።

ሊቀ ገመድ ጓንጉል ሰው ሰበሰቡ። “ይህች ሴት የገዛ ልጇ እየተጣራች ገመዷን አለቀቀችም። እንዲህ ያለች ሴት ለአገር ጌጥ ናት” አሉና ከገመዱ ናሙና የተገመደ አምባር በእጇ አሰሩላት። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም ብያለሁ። ደብሪቱ እጅ ነስታ ወደ ቤቷ ገባች። በግድግዳው በኩል ስሰማት አምባሩን ለማውለቅ ትታገላለች። አልወጣላትም፤ ቋጣሪዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳቂታነቷ ቀረ።

ሁለት ዓመት አለፈ። በአንድ ማለዳ ደብሪቱና እኔ ደጅ ልብስ እያሰጣን ሳለ አንድ የጨው ነጋዴ ከነአህያው ከጉሙ ወጣ።

“እናንተ፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት እዚህ አለች?”

“ምነው?” አለች ደብሪቱ።

“ልጅሽ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ባሏም መንገደኛ ሆኗል አሉኝ፤ ከአማቷ በቀር ሰው የላትም። አደራ አሉኝ፣ አደረስኩ። እኔ ቁልቁል ነኝ፤ ገበያው ሳይበተን ልድረስ።” አህያውን መታ አድርጎ ሄደ።

ደብሪቱ እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ቆመች። ውሃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ፣ “ይቱዬ፣ ሊቀ ገመድ ዘንድ እንሂድ” አለችኝ። ስሜ ይታይሽ ነው፤ ይቱዬ የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ጽሕፈት ቤቱ ገብታችሁ አታውቁም። አራቱም ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ገመድ ነው። የስንት ዓመት ናሙና! ጓዳው ሞልቶ ወንበሩ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ውጭ ካለው ውስጥ ያለው ይበዛል።

ደብሪቱ መሬት ስማ ተነሣች። “ጌታዬ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው። ይህ የተሰቀለው ቢቀጣጠል እኮ ቤቷ ደርሶ ይተርፋል።”

“ልክ ነሽ፣ ይደርሳል” አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ። “ግን ልጄ፣ ይሄ ናሙና ነው። ከተዘረጋ ናሙናነቱ ይቀራል። የገመዱን ጥንካሬ ታዲያ በምን እናውቃለን?”

“እንግዲያው ለቅቄ ልሂድ?”

“እሱን እኔ አልፈቅድም፤ መከልከልም አይገባኝም። የለቀቀች ጠፋች ነው የሚለው። የጠፋ ሰው ፈቃድ ምን ያደርግለታል?” አሉና በእውነት አዝነው አዩዋት። “ብቻ የምትጠፊ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪን። ለለቅሶሽ ድንኳን የሚተክሉ ልጆች በጊዜ እንዲታዘዙ።”

ደብሪቱ ወደ በሩ ዞረች። “ይትከሉ” አለች።

ወጣን። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። ማልኩላት፤ በእመብርሃን ስም ማልኩላት ልጆቼ። ገመዱን ይዘን እስከ መጨረሻው እንጨት ሄድን። ከእንጨቱ ወዲያ ነጭ ነው፤ መሬት ይኑር አይኑር አይታይም። ከሩቅ የመምሬ ውቤ ደወል ይሰማል። ደብሪቱ ትንቀጠቀጣለች። መንቀጥቀጧ በገመዱ በኩል እጄ ድረስ ይመጣል።

“ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የነበሩት ሴቶች ትዝ ይሉሻል?” አለችኝ፣ ገመዱን እንደያዘች፣ በሹክሹክታ።

“የትኞቹ?”

“ሽቱ ይዘው ወደ ጌታ መቃብር የሚሄዱት፣ ሦስቱ። ሠዓሊው ዓይናቸውን በጣም አፍጥጦ ነው የሣላቸው። ሕፃን ሆኜ መምሬ ውቤን፣ ‘ለምን እንዲህ አፈጠጡ?’ ብዬ ጠየቅኋቸው። ‘ፈርተው ነዋ’ አሉኝ። ‘ከፈሩ ለምን ሄዱ?’ ስላቸው፣ ‘ይወዱታላ። ፍርሃቱን ቤት የሚያስቀምጡበት ቦታ አጥተው ይዘውት ሄዱ’ አሉኝ።” ነጠላዋን አጠበቀች። “ድንጋዩን ማን እንደሚያነሣላቸው እንኳ አያውቁም ነበር እኮ፣ ይቱዬ። መንገድ ላይ ነው የሚጠያየቁት።”

ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ አነሣች። መጀመሪያ ትንሿን፣ ከዚያ የቀለበቷን። መሐል ጣቷ ላይ ስትደርስ ቆየች። አውራ ጣቷን ስታነሣ የሆነ ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ፣ ከምጥ ድምፅ የማይለይ። ለቀቀች። በግራ እጇ የአንገቷን ማተብ ጨብጣ ዞራ አየችኝ።

እኔ ልለቅ ሞከርኩ። ጣቶቼን አዘዝኳቸው። አልሰሙኝም። የገዛ እጄን በሌላው እጄ ልፈለቅቀው ታገልኩ።

“ግዴለም ይቱዬ” አለችኝ። “አንቺ እዚህ ሆነሽ ጸልዪልኝ።”

ሰባት እርምጃ ስትሄድ አየኋት። በስምንተኛው ጉሙ ወሰዳት። እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ድንኳን እየተከሉ ነበር።

ከዚህ ወዲያ የምነግራችሁን ያጫወተችኝ ራሷ ናት።

በደወሉ እየተመራች ሄደች። እግሯን ሳታነሣ፣ እየጎተተች፣ እንደ ዓይነ ስውር። ደወሉ በስተቀኝ ከሆነ መንገዱ ይኸ ነው እያለች። ግማሽ ያህል ሄዳለች ብላ ስታስብ ደወሉ ቆመ። ዝም። ያን ጊዜ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ጠፋባት። ተቀመጠች። የለቀቀች ጠፋች የሚለው ቃል በጆሮዋ ይጮኻል፤ ይኸው ጠፋሁ አለች። ሴት በጉም ውስጥ ድምፅ አታሰማም የሚለው ከልጅነቷ የተማረችው ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በልቧ ጸለየች። በልቧ የጸለየችው ግን ፍርሃቷ ውስጥ እየሰጠመ አልሰማ አላት፤ ለራሷ እንኳ አልሰማ አላት። አፏን ከፈተች።

“ጌታዬ!” ብላ ጮኸች። “እግሬ ነው እንጂ ልቤ አልመጣም! ልቤን ኋላ ላክልኝ፤ ለጊዜው እግሬን ያዝልኝ!”

በሕይወቷ እንዲያ ጮኻ አታውቅም። ጉሙ አልመጣም፤ ድሮም እዚያው ነበር። ተነሣች። ወዴት እንደሆነ ሳታውቅ ተራመደች፤ እየተራመደች ጮኸች፣ እየጮኸች ተራመደች። “ይቱዬ” አለችኝ ኋላ፣ “ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። አብሮኝ ነው የሄደው። ግን እሱ ብቻ አልነበረም አብሮኝ ያለው። ዕድሜዬን በሙሉ የምይዘው ነገር ሳጣ እወድቃለሁ እል ነበር። ያን ቀን ምንም አልያዝኩም፤ ተይዤ ነበር።”

ከብዙ ጩኸት በኋላ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሻካራ የሴት ድምፅ መለሰ።

“ማነሽ አንቺ ጌታን የምትጠሪው? እኔንም ስሚኝ እስቲ! ወደ ድምፄ ነይ!”

የስንዱ አማት እትዬ አበቡ ነበሩ። ከትናንት ጀምሮ ደጃቸው ቆመው ሰው ካለ ብለው ሲጣሩ ድምፃቸው ዘግቷል። ደብሪቱ ዝም ብላ በልቧ ብቻ ብትጸልይ ኖሮ ሁለቱ በሃምሳ እርምጃ ይተላለፉ ነበር።

ገባች። ስንዱ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ዓይኗን ገልጣ አየቻት።

“መጣሽ?”

“መጣሁ።”

“ገመዱ ረዘመ እንዴ?”

“አልረዘመም።”

“ታዲያ በምን መጣሽ?”

“በእግሬ” አለች ደብሪቱ።

ስንዱ ፈገግ አለች። እኔ ይቺን ፈገግታ አላየኋትም፣ ግን ከማንም ፊት አብልጬ አውቃታለሁ።

ሕፃኗ በሕይወት ወጣች፤ ሴት ናት። እትብቱን የሚያስሩበት ክር ፈለጉ፣ በቤቱ ንጹሕ ክር አልነበረም። ደብሪቱ ያን የክብር አምባር በቢላ በጠሰችው፤ ፈትታ ቀጭን ክር አወጣችና በፈላ ውሃ ነክራ እትብቱን አሰረችበት። ያ ገመድ ከተገመደ ጀምሮ ሥራ የሠራው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ስንዱን ግን አላተረፈቻትም። ደሙ አልቆም አለ። አንድ ቀን ቀድማ ብትደርስ ኖሮ ስንዱ ትተርፍ ይሆን ነበር፤ ያን አንድ ቀን ደብሪቱ እስክትሞት ድረስ በደረቷ ይዛው ኖረች። ታዲያ ምን ረባ ትሉኛላችሁ? እኔም ብያለሁ። የማውቀው፣ ስንዱ ስትሞት እጇ በእናቷ እጅ ውስጥ ነበር፤ የመጀመሪያው ሕፃን ሲሞት ግን የደብሪቱ እጅ ገመድ ላይ ነበር።

ስንዱን ቀብረው ሰማንያ ቀን ማዶ ተቀመጠች። በዚያ ጊዜ አንድ ቀን ስለ ገመዱ አነሣሥ፣ ስለዚያች ውሃ ልትቀዳ ስለጠፋችው ሴት ለእትዬ አበቡ ታወራላቸዋለች። እትዬ አበቡ ጣልቃ ገቡ።

“ቆይ ቆይ። ጆሮው ስንጥቅ ያለ እንስራ ነበራት?”

“እንዴት አወቁ?”

“ቅድመ አያቴ ናታ! መች ጠፋች? ማዶ አንድ መልከ መልካም አይታ ነው የመጣችው፤ አሥራ አንድ ወለደች። እንስራው ጓዳ አለ፣ ምስር አስቀምጥበታለሁ።” ሳቁ። “ቢፈልጓት እኮ ትነግራቸው ነበር፤ አንድም ሰው አልመጣም።”

ደብሪቱ ከስንዱ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

በሰማንያ ቀኗ ሕፃኗን አዝላ ቤተ ክርስቲያን ወሰደቻት። መምሬ ውቤ አጠመቁና ማዕዶት አሏት፤ መሻገር ማለት ነው። “አባቴ፣ ያን ቀን ደወሉን ለምን አቆሙ?” ብላ ጠየቀቻቸው።

“ልጄ፣ እጄ ዛለ” አሉ። “ስንት ዓመት ስደውል ማንም አልመጣም። በዚያ ቀን አንቺ እንደምትመጪ ማን ነግሮኝ?” ከዚያ ዘወር ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያው ወደ ከተማችን ተመለሰች። ገመድ ሳትይዝ፣ ሕፃን አዝላ፣ በመንገዱ መሐል። እኛ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ነበርን። ለካ የደብሪቱን ሰማንያ እያወጣን ነው። ሊቀ ገመድ ጓንጉል ከላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ደብሪቱ ገብታ መሐል ቆመች። የጠፋ ሰው አይታይም፣ ስሙም አይጠራም፤ ሕጉ ነው። ሁሉም ዓይኑን ወደ ገበታው ጣለ።

“ነፍሷን ይማር” አሉ ሊቀ ገመድ።

“አሜን” አለች ደብሪቱ።

ሕፃኗ አለቀሰች። “ዛሬ ጉሙ ምን ነክቶት ያለቅሳል?” አለ አንዱ ቋጣሪ።

ደብሪቱ እኔ ዘንድ መጣች። ነጠላዋን አወቅሁት፣ ሽታዋን አወቅሁት። “ይቱዬ፣ እኔ ነኝ” አለችኝ። እኔ ጉርሻዬን ዋጥኩ። ቀና አላልኩም። ጴጥሮስ እንኳ ዶሮ ነበረው የሚያስነቃው፤ ለእኔ የጮኸ ዶሮ የለም።

ቤቷ የናሙና መጋዘን ሆኖ ነበር፤ ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆ ቀልሳ ማዕዶትን አሳደገች። በየሳምንቱ እየመጣች አጥሬ ሥር ትቆምና ታጫውተኛለች። ይህን ሁሉ የሰማሁት እዚያ ነው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት እህል እየለቀምኩ እሰማለሁ። አንድ ቃል አልመለስኩላትም። ተቀይማኝ አታውቅም። “ደህና ዋይ ይቱዬ፤ ዛሬም ጸልዪልኝ” ብላ ትሄዳለች። ስንዴው በእንባዬ ይርሳል፤ አሰጣውና አደርቀዋለሁ።

ሴት ሲያምጣት ደግሞ ደብሪቱ ማንም ሳይጠራት ትደርሳለች። ወላዷ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ደብሪቱ ታዋልዳለች፣ ታጥባለች፣ ትሄዳለች። በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ በዚያ ዘመን የተወለዱ ሕፃናት ሁሉ “ራሱ ተወለደ” ተብለው ተጽፈዋል።

እንዲህ አሥራ ስድስት ዓመት ኖረች። አንድ ጠዋት ከእኔ ሦስት ቤት አልፎ አንዲት ሴት አዋለደች፤ ሕፃኑን ለአያቱ አቀበለችና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አልተነሣችም።

ማዕዶት አጥሬ ሥር መጣች። “እትዬ ይታይሽ፣ እናቴ አረፈች” አለችኝ። እናቴ ነበር የምትላት። “ወንዶቹን ለመንኳቸው። ሊቀ ገመድ፣ ‘አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይቀበርም፤ እሷ ተለቅሶላታል’ አሉ። አራት ሰው ብቻ ነው የምፈልገው። እኔ ቀድሜ ሄጄ ደወሉን እደውላለሁ፤ መምሬ ካረፉ ወዲህ ደዋይ የለም።” ይህን ብላ ሄደች። መልሴን አልጠበቀችም፤ እንዳልመልስ ታውቃለች።

ጀርባዬን እንደሰጠሁ ቆየሁ። ከዚያ ዞርኩ። ለአሥራ ስድስት ዓመት ያልዞርኩትን ዞርኩ፤ አጥሩ ሥር ማንም አልነበረም።

ሄድኩ። የሕፃኑ አያት፣ ደብሪቱ ያዋለደቻቸው ሁለት ወጣት ሴቶች፣ እኔ። አራት ሆንን። ቃሬዛ አበጅተን አነሣናት። መቼም ልማድ ነው፤ ሁላችንም በአንድ እጃችን ቃሬዛውን፣ በሌላው ገመዱን ያዝን። በግራ ያሉት ገመዱ ስለማይደርስላቸው የእኛን ቀሚስ ያዙ። እንዲህ ሆነን ሃያ እርምጃ ያህል ሄድን። ቃሬዛው አዘነበለ። የደብሪቱ ራስ ከጨርቁ ወጣ፤ ልትወድቅ ነው።

ቃሬዛ ሁለት እጅ ይፈልጋል ልጆቼ።

ለቀቅሁ። ይህን ያህል ነው። ያኔ መጨረሻው እንጨት ላይ ስታገለው እንቢ ያለኝ እጅ፣ ጓደኛዬ ልትወድቅ ስትል ሳልጠይቀው ተከፈተ። “እግዚአብሔር ሆይ” አልኩ፤ ጮክ ብዬ አልኩት። ከኋላዬ ያለችው ልጅ፣ “እትዬ፣ ለቀቁት እኮ!” አለች። “አንቺም ልቀቂ፤ ከባድ ናት” አልኳት። ለቀቀች። አራታችንም ለቀቅን።

መንገዱን ሙሉ ፈርቻለሁ። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ቃሬዛው ይንቀጠቀጣል፤ ደብሪቱ በሕይወት ሳለች እንደምትንቀጠቀጠው። ደወሉ ግን ያን ቀን አንድ ጊዜም አላቆመም። ከቅጥሩ ገብተን ስናሳርፋት ግድግዳው ላይ እነዚያን ሴቶች አየኋቸው። ዓይናቸው እንደፈጠጠ ነው። እግራቸው እንደተነሣ ነው።

እኛ አራታችንም ማዶ ቀረን፤ ጠፍተዋል ተብሎ በማግሥቱ ድንኳን ተተክሏል። ሰዎቹ አልቅሰውልናል፤ ያልለቀቁት ሴቶች ዛሬም እንደያዙ ናቸው፤ ገመዱም አሁን ከቤታቸው ደጅ እስከ ጽሕፈት ቤቱ በር ብቻ ነው ይላሉ። አልፎ አልፎ እሁድ አንዲት ሴት ከጉሙ ውስጥ እየጮኸች ትወጣለች፤ ማዕዶት ወጥታ ትቀበላታለች።

እስቲ እጄን እዩት። ይኸው፣ አይዘረጋም። ስንት ዓመት ገመድ ይዞ እንደታጠፈ ቀረ። ለሸክም ግን ይመቻል። ያቺ ቀጭኗ ልጅ፣ ነይ፣ ያዢው፤ አትፍሪ።

እኔ ስሞት ይህን እጅ አስታውሱት አልላችሁም። ከተማው ሁሉ ስሟን እንዳይጠራ የተከለከለባት አንዲት ፈሪ ሴት ነበረች። ስትፈሩ፣ መቼም መፍራታችሁ አይቀርም፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ ጥሩልኝ። ደብሪቱ በሉልኝ።